ሰሊጡን እስከ ሰኔ ይዞ መቆየት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ገንዳ ውሃ አካባቢ ከአባቴና ከወንድሜ ጋር ሰሊጥ እናርሳለን። ዘንድሮ 90 ኩንታል አግኝተናል። ለአረምና ለአጨዳ ከአንድ ነጋዴ 250 ሺህ ብር በወር 5 በመቶ ወለድ ተበድረናል። ግራ የገባን ነገር አለ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሰሊጥ ግን እንኳን በእጥፍ ሊጨምር ከአምናውም ወርዷል። ደላሎች ናቸው ገበያውን የገደሉት ይባላል። አባቴ እስከ ሰኔ ይዘን እንቆይ ይላል። ወንድሜ ደግሞ ዘይት ጨምቀን እንሽጥ ባይ ነው። የትኛው ይሻላል? ለከርሞስ ሰሊጥ ትተን ሌላ ብንዘራ?

ምላሽ፦ እስከ ሰኔ አትያዙ። ለዕዳው የሚበቃውን አሁኑኑ ሽጡ። የቀረውን ከፋፍላችሁ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጨርሱት። ዘይት መጭመቁን እርሱት። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋው ትንሽ ንቅንቅ ሲል "ቆይ እስኪ" እንዳትሉ ነው።

መጀመሪያ ዶላሩ። "ዶላር ከጨመረ ሰሊጥም እኩል መጨመር አለበት" የሚለው ስሌት የሚሠራው ሰሊጡ ቀድሞ በባንክ ምንዛሪ ሂሳብ ሲገዛ ከነበረ ብቻ ነው። አልነበረም። እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ አንድ ዶላር የሚመነዝረው በ57 ብር ገደማ ነበር። ግን በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኝ ማን ነበር? ወረፋው ማለቂያ አልነበረውም። ስለዚህ ብዙ ላኪ ሰሊጥ የሚልከው ከሰሊጥ ለማትረፍ አልነበረም። ዶላሩን ይዞ ብረት፣ ጎማ፣ መለዋወጫ ለማስገባት ነበር። ያስገባውን ዕቃ ሲሸጥ ደግሞ የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ዶላር ነው። ሰሊጡ ላይ የከሰረውን ብረቱ ላይ አትርፎ ያካክሰዋል። ለዚህ ነው ላኪዎች ገበያ ላይ እየተሻሙ፣ ቻይና ከሚከፍላቸው በላይ እየጨመሩ ይገዙ የነበረው።

ይህ ማለት እናንተ ሳታውቁት ሰሊጣችሁ ድሮውንም የሚሸጠው በባንኩ ዶላር ሳይሆን ወደ ጥቁር ገበያው በተጠጋ ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የባንኩ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ ላኪው ዶላር ለማግኘት ብሎ ሰሊጥ ላይ የሚከስርበት ምክንያት ተነነ። ዛሬ ሰሊጥ የሚገዛው ከሰሊጥ ማትረፍ ስላለበት ነው። የዶላሩ ጭማሪ ለላኪው አዲስ ሆነ እንጂ ለእናንተ አብዛኛው ቀድሞ ተቆጥሮላችሁ ነበር።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፣ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ውጭ በ180 ዶላር ይሸጥ ነበር እንበል። በ57 ብር ሲመነዘር 10,260 ብር ነው። ላኪው ግን ዶላሩን በሆዱ 90 ብር አስልቶ ስለሚገዛ እስከ 16,200 ብር ይጫረት ነበር። አሁን ደግሞ የዓለም ዋጋ ወደ 130 ዶላር ወረደ፣ ምንዛሪው 135 ብር ሆነ እንበል። 17,550 ብር ይመጣል። ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ሰሊጡ የጨመረው 8 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የማበጠሪያው፣ የጭነቱ፣ የጅቡቲው ወጪና የነጋዴዎቹ ትርፍ ሲቀነስ ለእናንተ የሚደርሰው ይታያችሁ። በዚያው ጊዜ ደግሞ የቀን ሠራተኛው፣ ናፍጣውና የትራክተሩ ኪራይ ጨምሯል። ተጎዳን ብላችሁ የምታማርሩት በከንቱ አይደለም። ጥፋተኛው ግን የምታስቡት ሰው አይደለም።

ከላይ የዓለም ዋጋ "ወረደ" ያልኩት ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፣ በእርግጥም ወርዷል። የሰሊጥ ገበያ ማለት በአመዛኙ ቻይና ማለት ነው። ቻይና በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከውጭ ትገዛለች። የእኛም ሰሊጥ አብዛኛው የሚሄደው ወደዚያው ነው። እኛ 300 ሺህ ቶን ገደማ የላክንባቸው ዓመታት ነበሩ፣ ያኔ ድምፃችን ይሰማ ነበር። አሁን ግን ታንዛኒያ አለች፣ ሞዛምቢክ አለች፣ ናይጄሪያ አለች፣ ኒጀር አለች። ሱዳን እንኳ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ሆና ሰሊጥ መላኳን አላቆመችም። ከሁሉም በላይ ግን በዓይነ ቁራኛ የምከታተለው ብራዚልን ነው።

ብራዚሎች ማቶ ግሮሶ በሚባለው ግዛት አኩሪ አተር ያጭዱና እዚያው ማሳ ላይ፣ የዝናቡ ጭራ ሳያልቅ፣ ሰሊጥ ይዘራሉ። በሄክታር የሚያገኙት ከእኛ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አይደለም። ልዩነቱ ወጪው ላይ ነው። መሬቱ ለአኩሪ አተሩ ተዘጋጅቷል፣ ማሽኑ አለ፣ አረሙን በእጅ የሚነቅል ሰው አይቀጠርም፣ አጨዳውም በኮምባይነር ነው። ሰሊጡ ለእነሱ የሁለተኛ ዙር ተጨማሪ ገቢ ነው። ስለዚህ እናንተን በሚያከስር ዋጋ እነሱ ያተርፋሉ። በኅዳር 2017 ደግሞ ብራዚልና ቻይና የሰሊጥ ስምምነት ተፈራርመው በሩ ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ቻይናዊው ገዢ የእኛን ዋጋ ሲሰማ "ብራዚልን ልጠይቅ" ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ ደላላው ይምጣ። ደላላን ጠበቃ ሆኜ ልከላከልለት አልፈልግም። ሚዛን ይሰርቃል፣ ናሙና ያጣጥላል፣ "ዛሬ ገበያው ሞቷል" ብሎ ያስፈራራል። ይህ ሁሉ ከኩንታል ላይ ብዙ መቶ ብር ሊወስድ ይችላል። ግን ደላላ የገንዳ ውሃን ዋጋ ከጎንደር ዋጋ በታች ሊያወርድ ይችላል እንጂ ቻይና ውስጥ ቺንዳኦ ወደብ ላይ የተከማቸውን ሰሊጥ ሊቀንስ አይችልም። እነዚህ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የመጀመሪያውን በጥንቃቄ መከላከል ትችላላችሁ። ሁለተኛው ከእጃችሁ ውጭ ነው። ሰሊጥ እንደ ቡና በየቀኑ በዓለም ፊት የሚታይ የኒውዮርክ ዋጋ ስለሌለው ወሬ የሚነግሥበት ገበያ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሰው አፍ ዋጋ አትስሙ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የዕለት ዋጋ፣ የዩኒየኑን (የገበሬ ማኅበራት ኅብረቱን) ዋጋና የሁለት አቅራቢዎችን (ከገበሬ ገዝተው ለላኪ የሚያስረክቡ ነጋዴዎችን) ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቃችሁ አነጻጽሩ።

አሁን ወደ አባትዎ ሐሳብ ልምጣ። "እስከ ሰኔ ይዘን እንቆይ" የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። ሰኔ ላይ ሸጦ የተደሰተ ሰው አይተዋል። ልክ ናቸው፣ ነበር። ግን ያ ሰው ያተረፈው ምንድን ነው? በእነዚያ ዓመታት ብር በየወሩ እየረከሰ ነበር፣ ላኪውም እየተሻማ ነበር። ጥር ላይ 5,000 የነበረው ሰኔ ላይ 6,000 ሲሆን ጤፉም፣ ዘይቱም፣ በሬውም አብሮ ጨምሯል። የረከሰው ብር ነው፣ ሰሊጡ ብዙም አልተወደደም። አሁንም ብሩ ሊረክስ ይችላል። ከዚያ ለመሸሽ ግን ሰሊጥ መያዝ ብቸኛው መንገድ አይደለም፣ ዕዳ ላለበት ሰው ደግሞ መጥፎው መንገድ ነው።

ለምን መጥፎ እንደሆነ ደግሞ በራሳችሁ ቁጥር እንየው። 250 ሺህ ብር በወር 5 በመቶ ማለት በየወሩ 12,500 ብር ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ 7 ወር ብንል 87,500 ብር ይሆናል። ወለዱ ላይ ወለድ ካልታሰበ ነው ይህ፤ አራጣ አበዳሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያስባል። አሁን ኩንታሉ 15,000 ብር ነው ብለን እንያዝ። ወለዱ ብቻ ወደ 6 ኩንታል ይበላል። ሰሊጡ በዚያ ሙቀት ሲቆይ ይደርቃል፣ ይፈስሳል፣ ተባይ ይነካዋል። 2 በመቶ ብቻ ቢጎድል 1.8 ኩንታል ነው፣ 27,000 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 114,500 ብር። ይህን ለሚተርፈው 88.2 ኩንታል ስታካፍሉት፣ ሰኔ ላይ የኩንታሉ ዋጋ በ1,298 ብር ጨምሮ ቢገኝ እንኳ ያተረፋችሁት ዜሮ ነው። 8.7 በመቶ ጭማሪ ላለመክሰር ብቻ! የጥበቃውን፣ የመጋዘኑንና የእንቅልፍ ማጣቱን አልቆጠርኩም።

ሰኔ ራሱ ደግሞ ክፉ ወር ነው። የታንዛኒያና የሞዛምቢክ ሰሊጥ ከግንቦት ጀምሮ ይደርሳል። የብራዚሉ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። ማለትም አባትዎ ሰሊጡን ሊያወጡ ባሰቡበት ወር ሦስት አገር ትኩስ ምርት ይዞ ገበያ ይገባል። የእናንተው ደግሞ ስምንት ወር መጋዘን ውስጥ የከረመ ነው። በዚያ ላይ ክረምቱ መንገዱን ያበላሻል፣ የእርሻ ወጪው ይጀምራል፣ ገንዘብ የሚያስፈልጋችሁም ያኔ ነው። ተቸግሮ የሚሸጥን ሰው ደላላ ከሩቅ ያውቀዋል።

ለእኛ ሰሊጥ የሚሻሉት ሁለት ጊዜያት ናቸው። አንደኛው አሁን፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ቻይናዎች አዲስ ዓመታቸው ከመግባቱ በፊት ይገዛሉ፣ መርከቡም ወደ አንድ ወር ገደማ ስለሚወስድ ላኪው ከወዲሁ ይቸኩላል። በዓሉ ሲቃረብና ሲከበር ገበያው ይተኛል። ጥር ላይ "ሰሊጥ ወደቀ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ከበዓሉ በኋላ፣ የካቲትና መጋቢት ነው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ተፎካካሪ ይጨምራል። ዋጋው ክረምት ላይ የሚወጣበት ዓመት የለም አልልም፣ አንዱ አገር ድርቅ ወይም ጎርፍ ከመታው ይወጣል። ግን የሰው አገር ድርቅ እየጠበቁ በ5 በመቶ አራጣ መቀመጥ ቁማር ነው።

ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው። የዕዳውን ዋና ገንዘብ ለመዝጋት በ15,000 ሂሳብ 17 ኩንታል ይበቃል፣ የተጠራቀመ ወለድ ካለ ጨምሩበት። ለቤት ወጪና ላልተከፈለ ሠራተኛ ጨምራችሁ 35 ኩንታል አሁን ሽጡ። 35 ኩንታል ደግሞ ለየካቲት አስቀምጡ። የቀረውን 20 መጋቢት ላይ አውጡ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን። "ምንም ይሁን ምን" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቀኑን አሁን ካልወሰናችሁ መጋቢት ላይ ሚያዝያን፣ ሚያዝያ ላይ ግንቦትን ትጠብቃላችሁ። ከዕዳ የተረፈውን ብር ደግሞ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት። ለክረምቱ የሚያስፈልገውን ናፍጣ፣ ዘርና ማዳበሪያ ቀድማችሁ ግዙበት። ከብት ለማርባት ግጦሽ ካላችሁ እሱም ጥሩ ነው። የአባትዎ ስጋት የብር መርከስ ከሆነ መልሱ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብድሩን ስትወስዱ "ሰሊጡን ለእኔ ትሸጣላችሁ" የሚል ስምምነት በቃልም ቢሆን ገብታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያን አጥሩ። ብዙ አበዳሪ ነጋዴ ከወለዱ ይልቅ የሚያተርፈው በራሱ ሚዛንና በራሱ ዋጋ ሲገዛችሁ ነው። የሚቻል ከሆነ ለሌላ ሸጣችሁ ዕዳውን በጥሬ ብር ክፈሉ፣ በሽማግሌ ፊትና በፊርማ። ዕዳውን በሰሊጥ ማቻቻል ውስጥ አትግቡ።

የት ትሸጡ? ሦስት በር አለ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ክብደቱና ደረጃው በሦስተኛ ወገን ይለካል፣ ገንዘቡም ከሽያጩ በማግስቱ ባንክ ይገባል። ከ2000 ዓ.ም. መቋቋሙ ጀምሮ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው የክፍያ እርግጠኝነት ነው። ችግሩ ጥቂት ኩንታል ለያዘ ሰው አይመችም። የአባልነት፣ የመጓጓዣና የአገናኝ ወጪው ይከብዳል። ሁለተኛው ማኅበራችሁና ዩኒየኑ ነው። ዋጋው ከነጋዴው ብዙም ላይበልጥ ይችላል፣ ግን ሚዛኑ ይታመናል፣ ትርፍ ክፍፍልም ሊኖር ይችላል። ደካማ ጎኑ ክፍያ ሊዘገይ መቻሉ ነው። ስለዚህ "መቼ ትከፍላላችሁ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ አንድ ኩንታል አታስረክቡ። ሦስተኛው የከተማው አቅራቢ ነው። ፈጣን ነው፣ እጅ በእጅ ነው፣ ሚዛኑን ግን ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተከታተሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ጆንያዎች በማኅበሩ ሚዛን መዝናችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ ከዚያ የእሱን ሚዛን በእነሱ ፈትኑት።

የእኔ ምርጫ? ዕዳ መክፈያውን ለአቅራቢ በጥሬ ብር፣ የየካቲቱን በዩኒየኑ ወይም ከጎረቤት ጋር ተደምራችሁ በምርት ገበያው። ሦስት አራት ቤተሰብ ሰሊጡን አንድ ላይ ቢያመጣ አንድ መኪና ይሞላል። በዚያ መንገድ ደህንነት ምክንያት የጭነት ዋጋ እንዴት እንደናረ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፣ በተናጠል መጫን ራሱ ኪሳራ ነው። ምርት ገበያው መጋዘን የሚያስገባ ሰው በደረሰኙ ከባንክ የሚበደርበት አሠራርም አለ። ከ5 በመቶ አራጣ ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው። ለከርሞ ቀድማችሁ ብትጠይቁበት ጥሩ ነው። የማከማቻ ኪራይና የጊዜ ገደብ ስላለው ግን እሱም ለረጅም ጊዜ መያዣ አይሆንም።

የሚቆየውን 55 ኩንታል እንዴት ትይዙታላችሁ የሚለው በራሱ ገንዘብ ነው። ሰሊጥ ግማሹ ዘይት ነው። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ደረጃው ይወድቃል። ሳይደርቅ ጆንያ አታድርጉት፣ እርጥበቱ ከ6 በመቶ አካባቢ መብለጥ የለበትም። ጆንያውን ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል ከሚቀመጥበት ክፍል አታስገቡት፣ ሰሊጥ ሽታ ይስባል። ሂላው (እንዲደርቅ ታስሮ የቆመው የሰሊጥ ነዶ) ሥር ሳላችሁ ፍሬውን የሚመጥ ትኋን አይታችሁ ከሆነ ደግሞ ያን ክፍል ለይታችሁ ቀድማችሁ ሽጡት። ተመጥጦ የቀለለና የመረረ ፍሬ ሲቆይ አይሻሻልም።

ስለ ነቀዝ ክኒኑ በጣም አስጠነቅቃለሁ። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ወይም በግድግዳ ብቻ በሚለይ ክፍል ውስጥ እንዳታደርጉት። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሕፃናትን ደግሞ ይቀድማል። ዱቄት ኬሚካል ሰሊጥ ላይ መነስነስም ሌላ ጣጣ አለው። ጃፓንን የመሰለ ገዢ ትንሽ ቅሪት ካገኘ ጭነቱን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የእናንተ አካባቢ ሰሊጥ በሙሉ በጥርጣሬ ይታያል።

ጥራት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከብራዚል ጋር የምንወዳደርበት እዚህ ብቻ ነው። በወጪ አንችላቸውም። የሁመራና የመተማ ነጭ ሰሊጥ ግን ስም አለው። እስራኤል ውስጥ ጣሂና (ከተፈጨ ሰሊጥ የሚሠራ ማባያ) የሚሠሩ ፋብሪካዎች "ከሁመራ ሰሊጥ የተሠራ" ብለው ማሸጊያው ላይ ጽፈው ያስተዋውቁበታል። ጣዕሙን፣ ንጣቱንና ልጣጩ በቀላሉ መውለቁን ይፈልጉታል። እኛ ግን ይህን ስም በገዛ እጃችን እናበላሸዋለን። ባዶ መሬት ላይ እንወቃለን፣ አፈርና ጠጠር እናስገባለን፣ የተቀላቀለ ዘር እንዘራለን። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ሰሊጥ በሳልሞኔላ (ሰውን በሚያሳምም ባክቴሪያ) ምክንያት ድንበር ላይ ተጨማሪ ምርመራ ከሚያደርግባቸው ምርቶች ውስጥ አስገብቶታል። ሳልሞኔላ ከየት መጣ? ከብት ከዋለበት አውድማ፣ ከወፍና ከአይጥ ኩስ። መድኃኒቱ አንድ ሸራ ነው። ሂላውን ሸራ ላይ ማራገፍ፣ ዶሮና ፍየል ማራቅ፣ ንጹሕ ጆንያ መጠቀም። "ለዚህ የሚጨምርልኝ የለም" ትሉ ይሆናል። ለአንድ ገበሬ በተናጠል ሲመጣ እውነት ነው፣ ነጋዴው ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል። ለዚህም ነው ማኅበሩን የምደጋግመው። ንጹሑ ሰሊጥ ብቻውን ተሰብስቦ ካልወጣ ዋጋ አያገኝም።

የወንድምዎ ዘይት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከአንድ ኩንታል በትንሽ መጭመቂያ 40 ኪሎ ዘይት ብታገኙ ጥሩ ነው። በ15,000 ብር ሂሳብ ለጥሬ ዕቃው ብቻ ኪሎው 375 ብር ወጥቶበታል። መብራቱ፣ ጠርሙሱና ጉልበቱ ገና ነው። የፋጉሎው ሽያጭ ጥቂት ይመልሳል፣ ግን ሂሳቡን አይቀይረውም። ሕዝቡ የሚገዛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ደግሞ ከዚህ ያነሰ ዋጋ አለው። የሰሊጥ ዘይት የሚፈልግ ሰው የለም አልልም፣ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ አለ። 36 ኩንታል ዘይት ግን ለማን ትሸጣላችሁ? አገር ውስጥ ዘይት የመጨመቅ ሐሳብ ካላቸው ኑግና አኩሪ አተር ይሻላሉ። በሰሊጥ ላይ እሴት መጨመር ማለት መላጥና ጣሂና መሥራት ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃ፣ ላቦራቶሪና ውጭ ገዢ ያለው ፋብሪካ ይፈልጋል። የ90 ኩንታል ሥራ አይደለም።

ለከርሞ ሰሊጡን ጨርሳችሁ አትተዉ፣ ሁሉን መሬት ግን አትዝሩበት። በየዓመቱ ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ የሚዘራ ማሳ በሽታና አረም ያጠራቅማል። አማካይ ምርታችን በሄክታር ከ8 ኩንታል እምብዛም የማያልፈውም አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ከመሬታችሁ ሲሶውን ለማሽላ አድርጉት። ዋጋው ቢወድቅ ትበሉታላችሁ፤ ሰሊጥ ግን እንደ እህል ተበልቶ ቤተሰብ አያጠግብም። መሬቱ የሚቀበል ከሆነ ጥቂቱን አኩሪ አተር ሞክሩበት። አፈሩን ይጠግናል፣ የዘይትና የመኖ ፋብሪካዎችም ይገዙታል። ጥጥ ላይ ግን ገዢ በእጃችሁ ሳይኖር አትግቡ፣ ተባዩ ብዙ ወጪ ያስወጣል።

ሰሊጡን በምትዘሩበት ላይ ደግሞ ትኩረታችሁ ወጪው ላይ ይሁን። ትልቁ ወጪያችሁ አረምና አጨዳ ነው፣ የተበደራችሁትም ለእሱ ነው። በመስመር የተዘራ ሰሊጥ ለአረም ይቀላል፣ ሠራተኛም ይቀንሳል። አጨዳው ላይ ሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት እንዳይደርስባችሁ ዘሩን በጥቂት ቀናት ልዩነት ከፋፍላችሁ ዝሩ። ሰሊጥ ሲደርስ ካልታጨደ ይረግፋል፣ ያን ሳምንት ሠራተኛው የጠየቀውን ትከፍላላችሁ። እንደ ሰቲት ያሉ ከምርምር የወጡ ዝርያዎችን ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። ካላገኛችሁ ደግሞ ካሁኑ 90 ኩንታል ውስጥ ንጹሕ፣ ነጭና አንድ ዓይነት የሆነውን ለዘር ለዩት። ለሄክታር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ስለሚበቃ ብዙ አይወስድባችሁም። ጆንያው ላይ "ዘር" ብላችሁ ጻፉበትና ዕዳ ከሚከፈልበት ክምር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።